የአረንጓዴው መሳቢያ ካርድ

ዋና አዘጋጁ የሞተው ብዕሩን እንደ ጨበጠ ነው። ከወንበሩ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ፣ ግንባሩን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፎ፣ አንድ እጁን ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ ቀርቷል። የብዕሩ ክዳን በግራ መዳፉ ውስጥ ነበር፤ ጥቁሩ ቀለም ሁለት ጣቶቹን አበላሽቷቸዋል። ከጆሮው በላይ ያለውን ቁስል ያደረሰው የቀን ማኅተም፣ ኪሎ የሚሞላ ብረት፣ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል።

መርማሪዋ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወጥታ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ የሚላት የለም እንጂ እሷም ታውቀዋለች፣ ስሙንም አትጠላውም። አለቃዋ ቀድሟት ደርሶ፣ አስከሬኑን አይቶ፣ ገዳዩንም ይዞ፣ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ብዙ አትድከሚ» አላት። «መዝገብ ቤት የሚሠራው ሽማግሌ ነው። ማኅተሙ የእሱ፣ ትናንት ሰው ፊት የተሰደበው እሱ፣ ሰውየው በተገደለበት በምሳ ሰዓት ሕንጻው ውስጥ የነበረው እሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ እስር ቤት ይወስደዋል። አንቺ ወረቀቱን ብቻ አሟይልኝ።»

ወረቀት ማሟላት የመርማሪዋ የዘወትር ዕጣ ነው። ታሟላለች፣ እሱ ይፈርማል፣ ሹመቱም ለእሱ ይመጣል።

ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ እጁ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን እያጨናበሰ የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ ለመለየት ይሞክራል። አጠገቡ የቢሮው ጸሐፊ ቆማለች፤ ልጁ ናት። መርማሪዋን ስታይ ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ አባቴ ዛሬ የገዛ እጁን እንኳ አያይም። መነጽሩ ከትናንት ወዲያ ተሰብሮ ምድር ቤት ያለው መነጽር ሠሪ ጋ ነው። ምሳ ሰዓቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጬ ስጠብቅለት ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እዚያ ከገባ አይወጣም።»

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። መነጽር ሠሪው ጸሐፊዋ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ራሱ ላይ ቆማ እንዳሰለቸችው በምሬት ነገራት። ተመልሳ ወጣችና ጸሐፊዋን እዚህ ቤት ምን እንደሚሠራ ጠየቀቻት። ስትሰማም ሁለት ጊዜ «እንደገና ንገሪኝ» አለቻት፤ ስላልሰማች ሳይሆን ስላላመነች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀርመንኛ ማንኛውም ስም ተባዕት፣ አንስት ወይም ግዑዝ መሆን አለበት፤ ከፊቱ የሚቆመው ቃልም ሆነ ከኋላው የሚቀጠለው ፊደል የሚለዋወጠው በዚሁ ነው። ትናንት ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል እንኳ «እንግዳ ነኝ» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ ጾታ ተሰጥቶት እንደ አገሬው ይረባል። እነዚህ ሰዎች መጤዎቹን ቃላት በየጾታቸው የሚመድብ መዝገብ ለማዘጋጀት ከተቀመጡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ኤል ፊደል ላይ ደርሰዋል። ኮምፒውተር ተባዕት ሆኖ በሰላም አልፏል። ኢሜይል አንስት ነው ወይስ ግዑዝ በሚል ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀው አንድ ባልደረባ በዚሁ ተቀይሞ ሥራውን ለቋል።

ከዓመት ወዲህ የተያዘው ላፕቶፕ ነበር። ዋና አዘጋጁ ተባዕት ነው አለ፤ ምክትሉ ግዑዝ ነው አለ። ጀርመኖቹ ራሳቸው ሁለቱንም ይላሉ፤ ይህ ግን እዚህ ቤት ማንንም አላረካም። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ አልተለዋወጡም። ላፕቶፑ ራሱ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ ጾታውን ሳይጠየቅ ሥራውን ሲሠራ ከርሟል።

መርማሪዋ በሕይወቷ ስለ መሬት፣ ስለ ቅናት፣ አንዴም ስለ አንድ በግ የተገደሉ ሰዎች አይታለች። ለእነዚያ ያዘነችውን ያህል እዚህ ማዘን አቃታት። የተማሩ፣ የጠገቡ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ሥራ አጥተው እንጂ ምን ሆነው ነው አለች በልቧ፤ ልቧም ከልብ ናቃቸው።

«ካርዶቹስ?» ስትል ጠየቀች።

የቢሮው ሕግ ጥቂት ቢሆንም ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለው። ያልተወሰነለት «ክርክር» የሚል ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ዋና አዘጋጁ ሲወስን ካርዱ ላይ በቀለም ይፈርምና እስኪደርቅ ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሐፊዋ ትገባና የሚገባበትን መሳቢያና ተራ ቁጥር ጥጉ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። አባቷ ጀርመንኛ ስለማያነብ ቁጥሩን አይቶ፣ ቀኑን በማኅተም መትቶ ቦታው ይከተዋል፤ ተባዕቱን በሰማያዊው ቁም ሣጥን፣ አንስቱን በቀዩ፣ ግዑዙን በአረንጓዴው። ካርድ ወለል ላይ ወድቆ የተገኘ ቀን ዋና አዘጋጁ ልጁ የተረገጠበት ያህል ይጮህ ነበር።

ትናንት የሆነውም ከዚሁ የመጣ ነው። ሽማግሌው ያለመነጽር ሲሠራ አንድ ካርድ የማይሆን መሳቢያ ከተተ። ዋና አዘጋጁ ቢሮውን በሙሉ ሰብስቦ «የታወረ አይጥ» አለው፤ ማኅተሙንም ከእጁ ነጥቆ ወደ ክፍሉ ይዞ ገባ። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ማኅተሙን አልነካውም።

መርማሪዋ ይህችን ነገር ልብ አለችና ወደ ምክትሉ ክፍል ሄደች። ምክትሉ ዓይኑ ቀልቷል፤ ያለቀሰው ግን ለሟቹ አልነበረም።

«የጉዳቱ መጠን የገባሽ አይመስለኝም» አላት። «ነገ ጠዋት ተባዕት ብሎ ሊፈርም ነበር። አሁን ደግሞ ሞተ። የሞተን ሰው እንዴት ብዬ ልከራከረው? ‹ለመታሰቢያው ተባዕት ይሁንለት› ሊሉኝ ነው።»

«ጋሼ፣ በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

ማዶ ያለው የመናፈሻ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ደብዳቤ ሲጽፍ እንደ ነበር ነገራት። ያየው ሰው የለም። ደብዳቤውን ግን እንደ ልጅ ፎቶግራፍ ከኪሱ አውጥቶ አሳያት፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ የዛሬ ቀን ያለበት፣ ለዋና አዘጋጁ የተጻፈ ነው። ላፕቶፕን ተባዕት ማድረግ ለትውልድ የሚተርፍ ውርደት መሆኑን ያትታል። መርማሪዋ እስከ ሁለተኛው ገጽ ታግሣ አነበበችና በአክብሮት አጥፋ መለሰችለት።

ከዚያ ወደ ዋና አዘጋጁ ክፍል ተመለሰች። አስከሬኑ ተነሥቷል። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ፣ የመነጽር ቤትና ባዶ ብርጭቆ አሉ። ብዕሩ ተከፍቶ፣ ክዳኑ በሌላው እጅ ተይዞ የተገኘ ሰው ወይ ሊፈርም ነው፣ ወይ ፈርሞ ሊከድን ነው። ጣቱ ቀለም ነክቷል፤ ስለዚህ ጽፏል። የተጻፈበት ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ የለም። ከጠረጴዛው ሥርም፣ ከቆሻሻ መጣያውም፣ ከኪሱም አልተገኘም።

ወደ «ክርክር» ሣጥን ሄደች። አሥራ አራት ቃላት ተኮልኩለው ፍርድ ይጠብቃሉ። ላፕቶፕ ግን የለም።

ሰማያዊውን ቁም ሣጥን ከፍታ በኤል መሳቢያ ፈለገች፤ እዚያም የለም። አረንጓዴውን ከፈተች። ሦስት መቶ ያህል ካርዶች ጥርስ በጥርስ ተደርድረዋል። የምትፈልገውን በፊደል ተራው፣ ፀጉር ሳይዛነፍ፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ አገኘችው። ስትስበው ከፊቱ ካለው ካርድ ጋር ትንሽ ተጣብቆ ነበር። ግዑዝ ተብሎ ተፈርሞበታል፤ ፊርማው ሲገባ ስላልደረቀ የፊተኛው ካርድ ጀርባ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ጥጉ ላይ የእርሳስ ቁጥር የለም። የቀን ማኅተምም የለም።

መርማሪዋ ሁለቱንም ካርዶች ፖስታ ውስጥ ከታ ለማንም ሳትናገር ወደ መጨረሻው ክፍል አመራች።

ከቢሮው ሰዎች ያላነጋገረቻት አራሚዋ ብቻ ነበረች። ክፍሏ ከዕቃ ማስቀመጫው በጣውላ ተከፍሎ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው ነው። የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀረውን እስከ ጣሪያ የተከመረ የጀርመን ጋዜጣ ይዞታል። በየጋዜጣው በቀይ እርሳስ የተሠመረባቸው ቃላት አሉ። አራሚዋ ስልሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እርሳስ እየቀረጸች ነበር።

ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማተሚያ ቤት እንደ ነበረች፣ ስትመለስ ሰው ተሰብስቦ እንዳገኘች፣ ዋና አዘጋጁንም ጠዋት ሰላም ካለችው ወዲያ እንዳላየችው ተናገረች። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚመዘግብ ዓይነት አይደለም።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ጋዜጣ የማነው?»

«የኔ ነው» አለች፤ ወዲያው «ማለቴ የቢሮው» ብላ አረመችው። «ላፕቶፕን በምን ጾታ እንደሚጽፉት ለማየት አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ገጽ በገጽ ቆጥሬያለሁ። ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማን ያዘኛል? ሁለቱ ከሚጨቃጨቁ ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ጉዳዩን እንደ ጨረሰ ሰው ማስታወሻዋን አጠፈች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «እንዲያው ለመሆኑ፣ ምክትሉ በዚህ ቃል ተናዶ ሰው ይመታል ይላሉ?»

አራሚዋ በአፍንጫዋ ሳቀች። «እሱ? ምን ቀረብኝ ብሎ? የፈለገውን ሰጥተውት የለም እንዴ? በሰው ላብ ሲያምርበት የኖረ ሰው ነው እኮ።»

መርማሪዋ አመስግናት ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ለአፍታ ቆም አለች። የራሷ ቢሮም ከዕቃ ማስቀመጫ በጣውላ የተከፈለ ነው፤ ይህን ማስታወስ አልፈለገችም፣ ግን አስታወሰች።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም በዋና አዘጋጁ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ምክትሉ ደብዳቤውን ታቅፎ ተቀመጠ። አራሚዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሽማግሌውን ልጁ ደግፋ አስገባችው። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ተገተረ።

«መኪናው ሊደርስ ነው» አለ።

«ይድረስ፤ ባዶውን አይመለስም» አለችው። «ሟቹ ብዕሩን ከፍቶ፣ ክዳኑን ይዞ ነው የተገኘው። አንድ ነገር ፈርሟል ማለት ነው። የፈረመው ካርድ እስኪደርቅ እዚህ ጠረጴዛ ላይ መቆየት ነበረበት፤ የቤቱ ልማድ ነው። አልቆየም። ያገኘሁት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሲገባ ፊርማው እርጥብ ስለ ነበር ጎረቤቱን አበላሽቷል። ሟቹ ከዚህ ወንበር አልተነሣም፤ እንዲያውም ብዕሩን ለመክደን እንኳ ጊዜ አላገኘም። እንግዲህ ካርዱን ከዚህ ወስዶ እዚያ የከተተው፣ ሲፈርም አጠገቡ የነበረው ሰው ነው። የገደለውም እሱው ነው።»

«ሽማግሌው ነዋ» አለ አለቃዋ። «ካርድ የሚከተው ማን ሆነና?»

«ሽማግሌው የሚከተው ልጁ ቁጥር ስትጽፍለት ነው። ይሄ ካርድ ቁጥር የለውም። ጀርመንኛ አያነብም። መነጽሩ በምሳ ሰዓት ምድር ቤት ነበር። ያገኘሁት ደግሞ ከሦስት መቶ ካርድ መሃል ትክክለኛው ተራ ላይ ነው። ትናንት መነጽር ሳይኖረው፣ ቁጥር ተጽፎለት እንኳ ተሳስቶ የተሰደበ ሰው፣ ዛሬ ሰው ገድሎ፣ ያለቁጥር አልተሳሳተም ነው የሚሉኝ? ማኅተሙም ቢሆን ከትናንት ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለገባ ሁሉ የቀረበ ነበር።»

አለቃዋ ወደ ጸሐፊዋ ጠቆመ።

«ልጁማ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ መነጽር ሠሪውን ስታሰለች ነበር፤ ጠይቄዋለሁ። ከደጅ የመጣ ሰው ደግሞ ካርዱን ረግጦት ይሄዳል። ሰው ገድሎ ካርድ ወደ ቦታው የሚመልስ ፍጡር ከዚህ ቢሮ ውጭ አይገኝም። የቀሩት ሁለት ናቸው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ጋሼ፣ ካርዱን ያገኘሁት በአረንጓዴው ነው።»

ምክትሉ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ደብዳቤው ከእቅፉ ወለሉ ላይ ተበተነ። «በአረንጓዴው? ፈረመ? ግዑዝ ብሎ?» ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «ተቀበለኝ ማለት ነው? በጽሑፍ?»

ጓደኛው የሞተበት ክፍል ውስጥ ቆሞ ፈገግታውን መሰብሰብ አቅቶት ነበር።

«ይህን ሰው ተመልከቱልኝ» አለች መርማሪዋ ለአለቃዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ንቀት ልትደብቀው አልሞከረችም። «ማሸነፉን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቢያውቅ እስካሁን ዝም የሚል ይመስልዎታል? ተባዕት ሆነብኝ ብሎ ሲያለቅስ ነው ያገኘሁት። ፊርማውን ያየ ሰው ከገዳዩ በቀር የለም። እኔ ካየሁ በኋላም ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ‹የፈለገውን ሰጥተውት የለም እንዴ› ብሎኛል። እትዬ፣ ጠዋት ካዩት ወዲያ ካላዩት፣ መስጠቱን ከየት ሰሙ?»

አራሚዋ አልደነገጠችም። ምክትሉን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ያን ያህል የተናቀ ሰው መርማሪዋ አይታ አታውቅም።

«ዘጠኝ ወር የቆጠርኩትን ይዤለት ገባሁ» አለች። «አንብቦ፣ ሳይከራከር ፈረመ። ደስ አለኝ። ከዚያ ‹ለምክትሉ ንገሪው፣ ሐሳቡ ትክክል ነበር› አለኝ። ሐሳቡ አለ፤ የሱ ሐሳብ። እሱ አንድ ጋዜጣ አልገለጠም። ከመቅድሙ ላይ አንዲት መስመር ስጠኝ አልኩት፣ ስሜ ብቻ የሚጠራባት። ብዕሩን ሊከድን እያለ ሳቀ። ‹አንቺ እኮ አራሚ ነሽ› አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለውን ነው፤ ዛሬ ግን እጄ ማኅተሙ ላይ ነበር።»

«ካርዱንስ?» አለቻት መርማሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ወድቆ አየሁታ። ደሙ ወደሱ እየመጣ ነበር።» አራሚዋ እጆቿን አየቻቸው። «ትቼው ልሄድ ነበር፣ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ግን ሥራዬ ነው። ወለል ላይ ልተወው አልቻልኩም።»

ከሰዓቱን ሙሉ በእሷ ፈንታ ታስሮ ሲቀመጥ እርሳስ ስትቀርጽለት የቆየችውን ሽማግሌ ዞር ብላ አየችውና ሁለት እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች። ካቴናው ከእሱ እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። ጸሐፊዋ ጥቂት ቀደም ብላ ከምድር ቤት የተቀበለችውን የተጠገነ መነጽር ከቦርሳዋ አውጥታ ለአባቷ አደረገችለት። ሽማግሌው መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ የራሱን እጆች አየ። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የተበተነውን የምክትሉን ደብዳቤ ይለቅም ጀመር። ልጁ «ተወው አባቴ» ብላ እጁን ያዘችው፤ ተወውም። ምክትሉ ራሱ ተንበርክኮ ለቀመ፤ ገጾቹን በተራ ሲያስተካክልም ፈገግታው አልጠፋም።

መኪናው ደረሰ። አራሚዋ ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ መርማሪዋ ቆማ ሰማች። ከሰዓቱን ሙሉ ያደረባት ንቀት አልለቀቃትም፤ አሁን ግን ከምክትሉና ከሟቹ አልፎ ወደ ገዛ ራሷ እየመጣባት ነበር። ለሃያ ሁለት ገዳይ ወረቀት አሟልታለች። በሃያ ሁለቱም ላይ ስሟ የለም፤ ስሜ ይግባ ብላም አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

አለቃዋ ከቦርሳው የሪፖርቱን ቅጽ አወጣ። ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ ነሽ። አንቺ ደክሞሻል፤ ይሄን እኔው እጨርሰዋለሁ። ‹በእኔ መሪነት በተደረገ ክትትል› ብዬ ልጀምረው።»

መርማሪዋ ቅጹን ከእጁ ወሰደችው። በሟቹ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ «ጉዳዩን የመረመረው» በሚለው ፊት ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ፣ በደማቁ ጻፈችና ቀለሙ እስኪደርቅ በእጇ እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ለአለቃዋ ሰጠችው።

«የሚታረም ካለው ይንገሩኝ» አለችው።